እንደዚያን ጊዜው አድርገህ ቁረጥልኝ

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የደወሉልኝ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ ግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ያለ አሮጌ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ባህር ዛፋቸውን ቆርጬላቸው ነበር። «ልጄ፣ ዛፉ ሌሊት ተገንጥሎ ጎረቤት ጣራ ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። በል ቶሎ ድረስ፤ እንደዚያን ጊዜው አድርገህ ቁረጥልኝ» አሉኝ።

«እንደዚያን ጊዜው» ያሏት ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ያን ዕለት ስልኩን ስዘጋ ግን ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ክረምት ነው፣ ሥራ ነው፣ የድሮ ደንበኛ ነው። አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ቀሰቀስኳቸው፣ ገመዱንና የሞተር መጋዙን ጭነን ወጣን።

ሥራዬ ዛፍ መቁረጥና መከርከም ነው። ከእኔ ጋር አራት ነን። ዋናው የምንሠራበት አካባቢ ከፒያሳ እስከ ኡራኤል ያለው መሃል ከተማ ነው። ትልልቅ ዛፍ ያለው በአሮጌ ግቢ፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ። ሥራውን ስጀምር ማንም አላስተማረኝም። መጥረቢያ ከአጎቴ፣ ድፍረት ከራሴ ይዤ ነው የገባሁበት።

ቁስሉን ሳየው

ስንደርስ ግቢው ጭቃ ነበር። የወደቀው ቅርንጫፍ ከሰው ጭን ይወፍራል። የጎረቤቱን ቆርቆሮ ሁለት ቦታ ቀድዶ አጥሩ ላይ ተጋድሟል። ዓይኔ ግን ቆርቆሮው ላይ አልቆየም። ቀጥታ የተገነጠለበት ቦታ ላይ ሄደ። ጤነኛ ቅርንጫፍ በነፋስ ሲሰበር እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ረጃጅም ስንጣሪ ይታያል። ይሄኛው እንደ ልጣጭ ተላጦ ነው የወረደው። ከተላጠበት ሥር ያለው ግንድ ጠቁሯል። መሰላል ላይ ወጥቼ በጣቴ ስጫነው እንደ ረጠበ ዳቦ ገባልኝ።

የባህር ዛፍ አናት ሲቆረጥ ዛፉ ዝም ብሎ አይቆምም። ምግቡን የሚሠራበት ቅጠል በአንድ ቀን ሄዶበታል። ስለዚህ ከልጣጩ ሥር ተኝቶ የነበረውን ቡቃያ ሁሉ ይቀሰቅሳል። ከተቆረጠው ጫፍ ዙሪያ እንደ መጥረጊያ ጭራሮ ይወጣሉ፣ ቀጥ ብለው ያድጋሉ፣ በሁለትና ሦስት ዓመት ብዙ ሜትር ይመዘዛሉ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ዛፉ አገግሟል። ነገር ግን እነዚህ አዳዲሶቹ እንደ ዋናው ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር አብረው ያደጉ አይደሉም። የያዙት የላይኛውን እንጨት ብቻ ነው። እነሱ በየክረምቱ እየከበዱ ይሄዳሉ፣ የቆሙበት ግንድ ደግሞ በቁስሉ በገባው ውሃና ሻጋታ ይበሰብሳል። አንድ ሌሊት ነፋስ ሲመጣ የሚሆነው ያ ነው።

አሌክስ ሺጎ የሚባል የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪ ነበር። በሞተር መጋዝ ግንዶችን በቁመታቸው እየሰነጠቀ ውስጣቸውን ሲያጠና ዘመኑን ያሳለፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ሥራ የዚህን ሙያ አስተሳሰብ ቀይሯል። ዛፍ እንደኛ ቆዳ ቁስሉን አያድንም ይላል። ቁስሉን ያጥረዋል፣ ዙሪያውን ግድግዳ ይሠራበታል፣ ከዚያ በላዩ ላይ አዲስ እንጨት ያበቅላል። የተጎዳው እንጨት ዛፉ እስኪሞት እዚያው ውስጡ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የምንለው ለሰው ነው። ለዛፍ ግን ቃል በቃል ይሠራል። እኔ ያን ባህር ዛፍ ረስቼው ነበር።

አናቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በአንድ ቦታ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ልክ እንደ ግድግዳ።

እንጨቱ የእኔ ነበር

ለምን ቆረጥኩት? እዚህ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ።

የካቲት 2013 ላይ ሲጠሩኝ ዛፉ ጤነኛ ነበር። ረጅም ነው እንጂ አልታመመም። እሳቸው ክረምት ሳይመጣ «ከላይ ቀንስልኝ» አሉኝ። እኔ ቀና ብዬ አየሁና ማስላት ጀመርኩ። ያሰላሁት የዛፉን ጤና አልነበረም። ስንት ፍልጥ ይወጣዋል፣ ስንት አጣና ይወጣዋል የሚለውን ነው። በእኛ ሥራ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ቆራጩ እንጨቱን ይወስዳል። ለጉልበት 4,000 ብር ተቀበልኩ፣ እንጨቱን 9,000 ብር ሸጥኩት። ደብተሬ ላይ አሁንም አለ።

እስቲ አስቡት። እንደዚህ የሚከፈለው ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ «ይሄ ዛፍ ደህና ነው፤ የደረቁትን ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ ላንሳ» ይላል? የደረቁ ሦስት ቅርንጫፎች የአህያ ጭነት አይሞሉም። አናቱ ግን አይሱዙ ይሞላል። ማንንም ለማጭበርበር አላሰብኩም። ሒሳቡ ራሱ እጄን ወደ ግንዱ ገፋው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ነው የሆንኩት።

ይሄ የእኔ ብቻ ችግር አይመስለኝም። ባህር ዛፍ ራሱ ወደዚህ ከተማ የመጣው ለእንጨት ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመታሰብ ተደርሶ ነበር። ባህር ተሻግሮ የመጣው ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያቆያት። ከዚያ ወዲህ እኛ ዛፍ ስናይ እንጨት ይታየናል። እኔም በዚያ ዓይን ነው ሙያውን የጀመርኩት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛውን ለመናገር ይከብደኛል። ሥራ የማገኘው በአብዛኛው በቴሌግራም በምለጥፈው ፎቶ ነበር። «በፊት» እና «በኋላ» ጎን ለጎን። ሰው ልዩነቱ ጎልቶ ሲታየው ይደውላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቻናሉ አናት ላይ የሰቀልኩት ፎቶ የማንን ዛፍ ይመስላችኋል? የእኚህን እናት። በግራ በኩል ሰማይ የነካ ባህር ዛፍ፣ በቀኝ በኩል እንደ ምሰሶ የተመለመለ ግንድ። ያ ፎቶ ስንት ደንበኛ እንዳመጣልኝ አልቆጠርኩትም። ጥሩ ክርከማ ግን ፎቶ ላይ አይወጣም። በትክክል የተከረከመ ዛፍ ማንም የነካው አይመስልም። ማስታወቂያዬ የሚሸልመኝ በጣም በጎዳሁ ቁጥር ነበር ማለት ነው።

ዛፉ ሥር

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

ከመሰላሉ ስወርድ እማማ ጎረቤቱን ይዘውት መጥተዋል። ጣራው የተቀደደበትን ሰውዬ። «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው። ያኔ እንዴት አሳምሮ እንደቆረጠልኝ ብታይ!» ይሉታል። ሰውዬው እጄን ጨበጠኝ። እሱም ግቢው ውስጥ አንድ ግራቪሊያ አለ፤ «ከዚህ በኋላ የእኔንም ታየዋለህ» አለኝ። በአንድ ጠዋት ሁለት ሥራ። ሁለቱም እኔ ካበላሸሁት ሥራ የተወለዱ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ነፋስ ነው የጣለው፣ ዝናብ ነው የጣለው። ማን ይጠይቀኛል? በክረምት እንዲህ ያለ ሥራ 25,000 ብር አያንሰውም። ደግሞ የልጆቹ የወር ደመወዝ ነበረብኝ። ከእኔ ጋር አምስት ዓመት የሠራው ልጅ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። በ2013 ዛፉ ላይ የወጣው እሱ ነው። የበሰበሰውን ግንድ እሱም አይቶታል። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ገመዱ ተመለሰ። ምንም አላለም። ያቺ አስተያየት ከሁሉም በላይ ከበደችኝ። እሱ ከእኔ ነው የሚማረው።

«እማማ» አልኩ፤ «ይሄን ዛፍ እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

ከበሰበሰው ግንድ ቆርሼ የያዝኩትን ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ ፈረሰ። አናቱ መቆረጥ እንዳልነበረበት፣ ቁስሉ ውሃ እንዳስገባ፣ አዲሶቹ ቅርንጫፎች ለምን እንደማይጠነክሩ ነገርኳቸው። ስናገር ድምፄ ልክ አልነበረም። እሳቸው የእንጨቱን ፍርፋሪ እያዩ ቆዩ።

«ታዲያ ያኔ ለምን ቆረጥከው?»

«ቁረጥልኝ ስላሉኝ።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ፈራሁ፤ ጠራሁህ። የምታውቀው አንተ ነህ።»

ቁጣ የለውም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት። ለዓመታት ደንበኛ ሲያዘኝ እታዘዛለሁ እል ነበር። የእሳቸው ንግግር ያን አፈረሰው። ሰው «አናቱን ቁረጥልኝ» ሲል የሚናገረው ፍርሃቱን ነው። ሌሊት ነፋስ ሲነፍስ ዛፉ ሲንቋቋ ይሰማዋል፣ ልጆቹ ከሥሩ ይተኛሉ። የሚያውቀው መፍትሔ ማሳጠር ብቻ ስለሆነ እሱን ይጠይቃል። ራሱን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ራሴን ቁረጡልኝ አይልም፤ ቢልም አይቆረጥለትም። እኔ ግን ፍርሃታቸውን እንደ ትእዛዝ ሰምቼ ሸጥኩላቸው።

ጎረቤቱ ፊቱ ተለወጠ። «እና ቆርቆሮውን ማን ሊተካው ነው?» አለ። እኔ እተካለሁ አልኩ፤ ተካሁም። ስድስት ቆርቆሮ ከነምስማሩ። ግራቪሊያውን ግን እንዳየው አልጠራኝም። እስከ ዛሬም አልጠራኝም። አልፈርድበትም።

ዋጋው ሲቀየር

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዋጋ የምነግርበትን መንገድ ለወጥኩ። አሁን በወረቀት እጽፋለሁ። መጀመሪያ የዛፉን ሁኔታ፣ ከዚያ የምንሠራውን፣ ከዚያ የሰው ቀን፣ ቤንዚንና ዘይት፣ የሰንሰለት መሳያ፣ የገመድ ምትክ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል የሚያነሳ መኪና። ትርፌም እዚያው ውስጥ ነው። እንጨቱ የባለቤቱ ነው። መሸጥ ከፈለጉ እገዛቸዋለሁ፣ ግን ለብቻው በተጻፈ ዋጋ። ትንሽ ብቆርጥም ብዙ ብቆርጥም ለእኔ አንድ ሲሆን፣ ዛፍ ላይ ወጥቼ የማየው ነገር ተለወጠ። ይሄን በቃላት ማስረዳት ይከብዳል። ቅርንጫፉን እንደ ቅርንጫፍ ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ ከሰርኩ። ሰው «ሌላው እንጨቱን ወስዶ በነጻ ይቆርጥልኛል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2017 ዋጋ ከነገርኳቸው 45 ሰዎች 14ቱ ብቻ ናቸው እሺ ያሉኝ። በዚያው ሰሞን ካዛንቺስ ፈረሰ። ሰባት ደንበኞቼ ከነግቢያቸው፣ ከነዛፋቸው ሄዱ። አንዱን ልጅ ለሁለት ወር ወደ ሌላ ሥራ ላክሁት።

ያወጣኝ ደረሰኝ ነው ብል ብዙ ሰው አያምነኝም። ትምህርት ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ያለ ደረሰኝ አይከፍሉም። እንጨት ወስዶ የሚቆርጠው ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ስለነበረኝ በዚያ በር ገባሁ። እነሱ የሚፈልጉት ዛፉ ተማሪ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ፣ ግቢውን ዞሬ እያንዳንዱን ዛፍ አይቼ የምጽፍበት ውል ጀመርኩ። የደረቀው ይነሳል፣ የተሰነጠቀው ይቀነሳል፣ ጤነኛው አይነካም። የተቆረጠ ዛፍ ዳግመኛ አይጠራህም፤ የቆመ ዛፍ ግን በየዓመቱ ሥራ አለው። ይሄን ለመረዳት ለምን ይሄን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም።

ሁለተኛው መንገድ የግቢ ጥበቃዎች ናቸው። ድሮም አውቃቸው ነበር፤ ሥራ ሲያመጡልኝ ገንዘብ እሰጣቸው ነበር። አሁን የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው። ሌሊት ከዛፉ ሥር የሚቀመጠው ጥበቃ ነው። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚንቋቋ፣ የትኛው ዛፍ ሥሩ ላይ እንጉዳይ እንዳወጣ፣ የትኛው ሽቦ እንደሚነካ ያውቃል። አሁን ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማናግረው እሱን ነው። ሽቦ የነካ ካለ ደግሞ መብራቱ እስኪቋረጥ ድረስ አንወጣም። ዋናዎቹ መስመሮች 15,000 ቮልት የሚሸከሙ ናቸው። ዝናብ ያራሰው ቅርንጫፍ ደግሞ አስተላላፊ ነው። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ፎቶውስ? ያን ፎቶ የዚያኑ ዕለት ማታ አጠፋሁት። ለተወሰነ ጊዜ ምን እንደምለጥፍ ጠፋኝ። ከዚያ የቁርጡን ቦታ ማንሳት ጀመርኩ። ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከታች ይጎረዳል፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፤ እንዲህ ሲሆን ቅርንጫፉ ሲወርድ የግንዱን ልጣጭ ይዞ አይገነጥልም። የቀረው ጉማጅ በመጨረሻ ይነሳል፣ ያውም ከግንዱ ጋር ሙልጭ ተደርጎ አይደለም። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚነሳበት ላይ እንደ አንገት ያበጠ ቦታ አለ። ያ ቦታ መነካት የለበትም፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በእሱ ነው። ቀለም መቀባትም አያስፈልግም።

በዓመቱ ተመልሼ ያንኑ ቦታ ሳነሳ፣ ቁርጡ ዙሪያ አዲስ እንጨት እንደ ቀለበት ወፍሮ ይታያል። አሁን የምለጥፈው ይሄን ነው። እንደ ድሮው ብዙ ሰው አያየውም። ግን የሚደውለው ሰው የተለየ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። «ስንት ታስከፍላለህ?» ከማለቱ በፊት «መጥተህ ታየዋለህ?» ይላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የእኔ ስም የሚኖረው እነዚያ ቀለበቶች ውስጥ ነው፤ ይሄ እውነት ያስፈራኛልም ያስደስተኛልም።

ጉቶው

የግንፍሌውን ዛፍ ማዳን አልተቻለም። ብስባሱ በግንዱ ውስጥ ወደ ታች ወርዶ ነበር። በመዶሻ ስመታው ከግማሹ በላይ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የመቁረጫ ፈቃዱ እስኪመጣ ጠብቀን በነሐሴ ከላይ ጀምረን እየቆራረስን አወረድነው። ከእማማ የልጆቹን የቀን ሒሳብ ብቻ ተቀበልኩ። እሱንም አልቀበልም ብዬ ነበር፤ «ልጆቹ ምን በደሉ?» ብለው አስገደዱኝ። ደህናውን እንጨት ለእድራቸው ሰጡት። ለቅሶ ቤት ማገዶ እንዳይጠፋ ነው የፈለጉት።

ጉቶውን ግን አታውጣው አሉኝ። ግንዱ ከታች ጤነኛ ስለነበር አላወጣሁትም። ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥቅምት ላይ ማቆጥቆጥ ጀመረ፣ በዓመቱ ከሰው ቁመት ያለፉ ቀንበጦች ጉቶውን ከበቡት። ሁሉም ከቀሩ አንዱም አይጠነክርም። ስለዚህ በየጊዜው እየሄድኩ ደካማውን አነሳለሁ።

በዚህ ዓመት ጥቅምት ስሄድ ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። እማማ ጋቢያቸውን ለብሰው ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። የትኛውን ልተው ብዬ ጠየቅኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ በከዘራቸው እየጠቆሙ «የግራውን ተው» አሉኝ።

«ለምን እማማ?»

«ያኛው ወደ ቤቱ ያዘነብላል። አታየውም እንዴ?»

አየሁት። ልክ ነበሩ። የቀኙን ከጉቶው ጋር አስጠግቼ ቆረጥኩት። ሰብስቤ ወደ በሩ ልወስደው ስል ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ቅጠሉን አትውሰደው። ለጉንፋን እታጠነዋለሁ።»